ፍኖተ ሰላምን ማን ሰየማት?

ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ አዲስ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከጋራ ኮርሶቹ ጋር «ሎጂክና ክሪቲካል ቲንኪንግ» የሚባለውን ይወስዳል። ሐሳቡ ግሩም ነው። አወሳሰዳችን ላይ ግን ጥያቄ አለኝ። ብዙዎቻችን የፋላሲዎችን ስም ከነትርጉማቸው እንሸመድዳለን፣ ከሲኒየር የተወረሰ የፈተና ወረቀት እናገላብጣለን፣ ከዚያ ኤ ቢ ሲ ዲ እናከባለን። ስለ መጠየቅ የሚያስተምረው ኮርስ አንድም ነገር ሳንጠይቅ ያልቃል።

እንደኔ እንደኔ ፍሬሽ ተማሪ ምርምርን መጀመር ያለበት ከአገሩ ወሬ ነው። የእኛን ላንሳ። ፍኖተ ሰላም ድሮ ወጀት ትባል እንደነበር፣ የዛሬውን ስም ያወጡላት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከስደት ሲመለሱ እንደሆነ ሲነገር እየሰማን ነው ያደግነው። ንጉሡ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ ገብተው፣ በቡሬና በደብረ ማርቆስ አድርገው ሚያዝያ 27 አዲስ አበባ መግባታቸው በታሪክ የተመዘገበ ነው። ታዲያ በዚህ መንገድ ማለፋቸው እውነት ስለሆነ ስም ማውጣታቸውም እውነት ይሆናል? የግድ አይሆንም። ሁለቱም ለየብቻቸው ማስረጃ ይፈልጋሉ።

ሥራው የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ከ1933 በፊት በተጻፈ ደብዳቤ፣ በቤተ ክርስቲያን መዝገብ፣ በጣልያን ካርታ ላይ ቦታው በምን ስም ተጠራ? «ፍኖተ ሰላም» የሚል አንድ ወረቀት ከተገኘ ወሬው ይወድቃል። «ወጀት» የሚል ቢገኝም የድሮውን ስም እንጂ ማን እንደቀየረው አይነግረንም። ከዚያ ሽማግሌ መጠየቅ ነው። «ንጉሡ ናቸው አይደል?» ብሎ መልሱን ማጉረስ ግን አይሆንም፤ «እርስዎ ከማን ሰሙ? ያ ሰው በቦታው ነበር?» ነው መባል ያለበት። አሥር ሰው አንድ ነገር ቢናገርና አሥሩም ከአንድ ሰው የሰሙት ከሆነ ምንጩ አንድ ነው። (ይሄ ለእኛ ለጋዜጠኝነት ተማሪዎች የዕለት እንጀራ ነው።)

«የአባቶችን ቃል መመርመር ድፍረት ነው» የሚለኝ አይጠፋም። የጎጃም ቅኔ ቤቶች ግን፣ ዋሸራም ሆነ ጎንጅ፣ የሰው ቅኔ በቃሉ ይዞ ለሚመጣ ተማሪ አያጨበጭቡም። የራሱን ቆጥሮ ለመምህሩ ይነግራል፣ ይታረማል፣ ደግሞ ይቆጥራል።

መምህራኖቻችን ከሚድ ፈተናው ግማሹን ነጥብ ለእንዲህ ያለ አሳይመንት ቢሰጡት ምን ይላቸዋል? የቡሬው ልጅ የቡሬን፣ የደምበጫው የደምበጫን ይዞ ይምጣ። ሦስት ገጽ ይበቃል፤ ከኢንተርኔት ኮፒ ለማድረግም አይመችም።