ቤት ከመግዛት በፊት ግድግዳውንም መዝገቡንም መመርመር ይገባል

ከደሴ ከተማ በስተሰሜን ምዕራብ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኘው በኩታበርም ሆነ እስከ መካነ ሰላም በሚዘልቁት የደቡብ ወሎ ደጋማ ከተሞች፣ የመኖሪያ ቤት ግዥ አንድ ቤተሰብ በዕድሜው ከሚፈጽማቸው ውሎች ሁሉ ትልቁ ነው። ገንዘቡ የሚገኘው ከብት ተሸጦ፣ ተነግዶ፣ አለያም በስደት ተሠርቶ ነው። ደቡብ ወሎ በርካታ ወጣቶች ለሥራ ወደ ሳዑዲ ዓረቢያና ወደ ሌሎች የዓረብ አገሮች ከሚሄዱባቸው አካባቢዎች አንዱ መሆኑ ይታወቃል።

ለአብነት ያህል፣ በሰው አገር ለዓመታት ደክማ ያጠራቀመችውን ገንዘብ ለወንድሟ ልካ ቤት እንዲገዛላት ያደረገች እህት እናስብ። ወንድም ደላላ ያገናኘዋል፤ ቤቱን በበጋ ቀን ለአንድ ሰዓት ያየዋል፤ አዲስ ቀለም የተቀባው ግድግዳ ዓይን ይስባል፤ በሽማግሌዎች ፊት ቀብድ ይከፈላል። በዚህ ሂደት ውስጥ ክፉ ሐሳብ ያለው ሰው ላይኖር ይችላል። ሆኖም የታየው ቤትና የተገዛው ቤት አንድ መሆናቸውን ማንም አላረጋገጠም።

የቤት ስውር ጉድለት ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ በቤቱ አካል፣ ሌላው በሰነዱ ውስጥ ይደበቃል።

የመጀመሪያው ምርመራ የሚጀምረው ከግድግዳው ሳይሆን ከመሬቱ ነው። የደሴና የአካባቢዋ ተዳፋት ለመሬት መንሸራተት የተጋለጠ መሆኑን የጂኦሎጂ ጥናቶች አመልክተዋል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን የደረሰውና ከ200 በላይ ሰዎችን ሕይወት የቀጠፈው አደጋም በዝናብ የራሰ ተዳፋት ምን ሊያስከትል እንደሚችል አሳይቷል። ስለዚህ ከቤቱ በላይ ያለውን ቁልቁለት ማየት፣ የዘመሙ ዛፎችና አጥሮች፣ መሬት ላይ የተከፈተ ስንጥቅ ወይም አዲስ የፈለቀ ውኃ መኖሩን ማጣራት ያስፈልጋል። ሜዳማ በሆነው ቦታ ደግሞ ጥቁር ዋልካ አፈር በክረምት ያብጣል፤ በበጋ ይሰነጠቃል። መሠረቱ በዚህ አፈር ላይ በጥልቀት ሳይቆፈር የተጣለ ቤት ከአፈሩ ጋር ይነሣል፤ ይወርዳል። ከበርና ከመስኮት ማዕዘን ተነሥቶ በሰያፍ የሚሄድ ስንጥቅ፣ እንዲሁም አልገጥም ያለ በር የዚህ ምልክቶች ናቸው።

በከተሞቹ በብዛት የሚገኘው በእንጨትና በጭቃ የተሠራ ቤት ነው። በሲሚንቶ ሲለሰን ከብሎኬት ቤት ላይለይ ይችላል። የዚህ ቤት ዕድሜ የሚወሰነው መሬት ውስጥ በተቀበረው የቋሚ እንጨት ጫፍ ነው። እርጥበትና እንጨት በል ነፍሳት ቀድመው የሚያጠቁት ይህንኑ ክፍል በመሆኑ፣ ከሻጩ ጋር በመነጋገር ልስኑን በአንድ ቦታ ፈቅፍቆ እንጨቱን በቢላዋ ጫፍ መፈተሽ ብልህነት ነው። ኮርኒስ ላይ የቀረ የውኃ ምልክት፣ በሚስማር ዙሪያ የዛገ ቆርቆሮ፣ ከጎረቤት ወደ ግቢው የሚወርድ ፍሳሽም መታየት አለባቸው። በበጋ ብቻ የታየ ቤት በግማሽ የታየ ነው፤ የተቻለው ገዥ በዝናብ ቀን ተመልሶ ይይ፤ ያልተቻለው ጎረቤቶችን ክረምቱ እንዴት እንደሚያልፍ ይጠይቅ።

በጥቅምት 2014 ዓ.ም. በኩታበርና በአካባቢው ከባድ ውጊያ መካሄዱ ይታወሳል። በወቅቱ በደቡብና በሰሜን ወሎ በመኖሪያ ቤቶችና በሕዝብ ተቋማት ላይ ጉዳት ደርሷል። ስለዚህ አንድ ቤት በዚያ ወቅት ምን እንደገጠመው፣ እድሳቱ ስንጥቁን መጠገኑን ወይስ መሸፈኑን መጠየቅ ይገባል። ሻጩ የያዘው ሰነድ በጽሕፈት ቤቱ ከሚገኘው ማኅደር ጋር መመሳከርም ይኖርበታል።

ሁለተኛው ስውር ጉድለት በሰነዱ ውስጥ ያለው ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት አይሸጥም፤ አይለወጥም። ገዥው የሚገዛው በሕጋዊ ይዞታ ላይ የተሠራውን ቤት ነው። በከተማው ዳር በገበሬ ማሳ ላይ ያለ ፈቃድ የተሠራ ቤት ግድግዳው የቱንም ያህል ቢጠነክር የመፍረስ ዕጣ ሊገጥመው ይችላል። በመሆኑም የይዞታ ማረጋገጫው፣ የግንባታ ፈቃዱ፣ የቦታው ስፋትና ያልተከፈለ የሊዝ ወይም የግብር ዕዳ መኖር አለመኖሩ ከከተማው አስተዳደር መጣራት አለባቸው። በባንክ መያዣነት የተመዘገበ ቤት ቢሸጥ መያዣው ቤቱን ተከትሎ ይሄዳል፤ የፍርድ ቤት እግድም እንዲሁ መጠየቅ ያለበት ጉዳይ ነው።

ሻጩስ ብቻውን የመሸጥ መብት አለው? በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራሉ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጋራ የሆነ የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ የባልና የሚስት ስምምነት እንደሚያስፈልግ ደንግጓል። የአማራ ክልልም በ1995 ዓ.ም. የራሱን የቤተሰብ ሕግ አውጥቷል። በሟች አባት ስም ያለን ቤት አንዱ ልጅ ብቻውን ሲሸጠው ሌሎቹ ወራሾች ነገ መምጣታቸው አይቀርም። ሻጩ በውክልና የመጣ ከሆነ ደግሞ ጠቅላላ ውክልና ለማስተዳደር እንጂ ቤት ለመሸጥ አያበቃም፤ ፍትሐ ብሔር ሕጉ በአንቀጽ 2205 ልዩ ውክልና ይጠይቃል። ውክልናው አለመሻሩንና ወካዩ በሕይወት መኖሩን ማጣራትም የገዥው ድርሻ ነው።

የሽማግሌና የእማኝ ፊርማ በኅብረተሰቡ ዘንድ ያለው ክብር ከፍተኛ ነው። ይሁን እንጂ በ1952 ዓ.ም. የወጣው ፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረትን የሚመለከት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በአዋዋይ ፊት እንዲመዘገብ ያዝዛል። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በ1999 ዓ.ም. በመዝገብ ቁጥር 21448 በሰጠው ውሳኔ በዚህ ሥርዓት ያልተመዘገበ የቤት ሽያጭ ውል ውጤት እንደሌለው አመልክቷል። ችሎቱ ሻጩ ውሉን ባልካደባቸው ጉዳዮች ላይ በኋላ የተለየ አቋም ቢይዝም፣ የሻጭን አለመካድ ተስፋ አድርጎ የዕድሜ ጥሪትን መክፈል አያዋጣም።

ሕጉ ሻጭ ለተደበቀ ጉድለት ኃላፊ እንደሚሆን ከአንቀጽ 2287 ጀምሮ ደንግጓል። ነገር ግን ይኸው ሕግ ገዥው እንደተመቸው ዕቃውን እንዲመረምርና ጉድለቱን ለሻጩ እንዲያስታውቅ ግዴታ ጥሎበታል፤ ጉድለቱን እያወቀ የገዛ ሰው ዋስትናውን አያገኝም። ፍትሐ ብሔር ሕጋችንን ያረቀቁት የሬኔ ዳቪድ አገር በሆነችው ፈረንሳይ ሻጩ ራሱ ስለ አስቤስቶስ፣ ስለ እርሳስ ቀለም፣ በተለዩ አካባቢዎችም ስለ ምስጥ የባለሙያ ሪፖርት ከውሉ በፊት ማቅረብ ይጠበቅበታል። በእኛ ዘንድ ይህ ሸክም በአመዛኙ የገዥው ነው።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ መስተካከል አለበት። በሕጉ ቀብድ የሰጠ ወገን ውሉን ካልፈጸመ ቀብዱን ያጣልና ምርመራው ከቀብድ መቅደም ይኖርበታል። አንድ ልምድ ያለው ግንበኛ ወይም አናጢ ለግማሽ ቀን ይዞ መዞርና የሕግ ባለሙያ ማማከር ከቤቱ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ወጪው አነስተኛ ነው። ሻጩ ስለ ቤቱ የሚናገረው ነገር በውሉ ውስጥ መስፈር፣ ቀሪው ክፍያም ስሙ ከሚዛወርበት ጊዜ ጋር መያያዝ አለበት። የከተማ አስተዳደሮችም የመዝገብ ማጣራት አገልግሎታቸውን ቀልጣፋ ማድረግ ይጠበቅባቸዋል፤ ማኅደር ለማየት ሳምንታት የሚጠብቅ ገዥ በደላላ ቃል ወደ መተማመን ያዘነብላልና።

አበው «ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በርጥቡ» ይላሉ። ገንዘቡ ከወንድም እጅ ሳይወጣ የሚጠየቅ ጥያቄ ሻጩን ቅር ሊያሰኝ ይችል ይሆናል። ሳይጠየቅ ቢቀር ግን ዋጋውን የምትከፍለው ከስደት ተመልሳ የምትገባበትን በር የምትፈልገው እህት ናት።