የማቆሚያው ክፍያ ከበሬው ላይ ይቆረጣል

የምኖርባት የድንበር ከተማ ማዘጋጃ ቤት የመኪና ማቆሚያ ፈቃድ ክፍያን ዘንድሮም ጨምሯል። አሮጌዋ ፒካፕዬ በሬ ላይ ለማደር ፈቃድ ያስፈልጋታል። ጉዳዩ የእሷ ብቻ ቢሆን አጉረምርሜ ከፍዬ ዝም እል ነበር። ነገር ግን በዚያው ማስታወቂያ የከብት መኪኖች የአዳር ክፍያም አብሮ ስላደገ ነገሩ የእናንተም ሆኗል።

ማስታወቂያው የተለጠፈው ክፍያው ከተጀመረ በኋላ ነው። ምክንያቱን ስጠይቅ ሠራተኛው «ያልጨመረ ነገር አለ እንዴ?» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ግን ክፍያ የአገልግሎት ዋጋ ነው። ማቆሚያው ውስጥ ውሃም ጥላም የለም። ከብት የሚወርደው በአፈር ቁልል ላይ ነው፤ እግሩ ቢሰበር ኪሳራው የባለቤቱ ነው። አገልግሎት የሌለው ክፍያ ግብር ነው፤ ግብር ከሆነ ደግሞ በስሙ ተጠርቶ በምክር ቤት ይጽደቅ።

በኬንያ እ.ኤ.አ. የ2010ሩ ሕገ መንግሥት ካውንቲዎች ለሚሰጡት አገልግሎት እንዲያስከፍሉ ይፈቅዳል፤ በገንዘብ ጉዳይ ግን ሕዝብ እንዲሳተፍ ያዛል። እዚያም ነጋዴው እንደሚያማርር ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ። ቢሆንም ሕጉን ይዞ «መቼ ጠየቃችሁን?» ማለት ይችላል።

ወደ ሂሳቡ እንምጣ። ክፍያው በመኪና እንጂ በከብት አይደለም። ጭማሪው 600 ብር ነው እንበል። 12 በሬ ለጫነ ሰው በአንድ በሬ 50 ብር ይደርስበታል፤ አራት በሬ ገዝቶ አይሱዙ ለተከራየ ጀማሪ ግን 150 ብር ነው።

ይህም ትንሹ ጉዳት ነው። ሾፌሩ ክፍያውን ሽሽት ከከተማ ወጥቶ አስፋልት ዳር ያድራል፤ ከብቱም ሳይወርድ፣ ሳይጠጣ ያነጋል። 300 ኪሎ የሚመዝን በሬ 5 በመቶ ቢቀንስ 15 ኪሎ ሄደ ማለት ነው። ከፊሉ ውሃና ፈርስ ስለሆነ ሲበላና ሲጠጣ ይመለሳል። ገዢው ግን እስኪመለስ አይጠብቅም፤ ጠዋት ያየውን ሆዱ የገባ በሬ ይተምናል።

እኔን የበለጠ የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። አስፋልት ዳር የእንስሳት ሐኪም የለም። አፍተግር የያዘው፣ ለሃጩ የሚዝረበረብ በሬ ከጤነኛው ጋር ተጣብቆ ያድራል። በሽታው ተዛምቶ ገበያ ከተዘጋ ማዘጋጃ ቤቱ ከየትኛው መኪና ሊሰበስብ ነው?

ጭራሽ አይጨመር አልልም። ገንዳና መወጣጫ ይሠራ፤ ክፍያው በከብት ቁጥር ይሁን፤ ጭማሪ ሲታሰብም አስቀድሞ ከነጋዴው ጋር ይመከርበት። እስከዚያው የማቆሚያ ደረሰኛችሁን አትጣሉ። ቀኑንና የጫናችሁትን ከብት ብዛት ከጀርባው ጻፉበት፤ ማኅበራችሁ አቤት ሲል ማስረጃው እሱ ነው። የእኔ ደረሰኝ ላይ የተጻፈው «ልዩ ልዩ ገቢ» ብቻ ነው።