«የተሟላው ይበልጣል» ለሚሉ፦ ስለ ፊልም ሙዚቃ እትሞች የቀረበ ምላሽ

በኡራኤልና በካዛንቺስ የፊልምና የሙዚቃ ወዳጆች ዘንድ እንደ ደንብ የተያዘ አስተያየት አለ። የአንድ ፊልም ሙዚቃ በሁለት በሦስት እትም ከወጣ የሚመረጠው ብዙ የያዘው ነው ይባላል። አጭሩ የነጋዴ ቁራጭ ነው፤ እውነተኛው ሥራ ረጅሙ ነው። ፍላሽ የሚያስሞላው ወጣትም ሆነ ሸክላ የሚያሰባስበው ጎልማሳ በዚህ አይለያዩም። ክርክራቸው ሲጨመቅ ይህን ይመስላል፦ አቀናባሪው የደከመበት ሁሉ ሊሰማ ይገባል፤ ትልቁ እትም ትንሹን በውስጡ ስለሚይዝ ደግሞ ትልቁን ያገኘ ሰው የሚቀርበት ነገር የለም።

የክርክሩን የመጀመሪያ ግማሽ እቀበላለሁ። ሁለተኛው ግን ስህተት ነው። ስህተቱ ጎልቶ የሚታየውም አስተያየቱ ብዙ ደጋፊ ባገኘበት በሆረር ፊልም ሙዚቃ ላይ ነው። (ከዚህ በታች «ዓ.ም.» ያልታከለባቸው ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

«ኤሊየን»ን እንውሰድ። ጄሪ ጎልድስሚዝ ለዚህ የ1979 ፊልም የጻፈው ሙዚቃ እንደተጻፈ አልቀረም። ዳይሬክተሩ ሪድሊ ስኮትና የፊልሙ አርታኢ ቴሪ ሮውሊንግስ ሙዚቃውን ከቦታ ቦታ አዘዋወሩት። ጎልድስሚዝ ራሱ በ1962 ለ«ፍሮይድ» ከሠራው ሙዚቃ እየቆረጡ አስገቡበት። የመክፈቻውን ሙዚቃ እንደገና እንዲጽፍ አደረጉት፤ መዝጊያውንማ ጭራሽ አንስተው የሃዋርድ ሃንሰንን ሁለተኛ ሲምፎኒ ተኩበት። በዚያው ዓመት የወጣው ሸክላ ግን ጎልድስሚዝ የፈለገውን መክፈቻና መዝጊያ ይዞ ወጣ። ኢንትራዳ የተባለው አሳታሚ በ2007 የተጻፈውንም እንደገና የተጻፈውንም በሁለት ሲዲ ሲያወጣ፣ የ1979ኙን አጭር አልበም እንደነበረ ለብቻው አካተተው። እንግዲህ የተሟላውን እትም ያዘጋጁት ሰዎች ራሳቸው ትልቁ ትንሹን ይተካል ብለው አላመኑም። የአጭሩ አልበም ሙዚቃ በረጅሙ ውስጥ ተበትኖ ሊገኝ ይችላል፤ የአልበሙ ቅደም ተከተል ግን አይገኝም። አልበምን አልበም የሚያሰኘው ደግሞ ቅደም ተከተሉ ነው።

በሆረር ይህ ጉዳይ ይከብዳል። ፍርሃት የሚሠራው በመጠበቅና በዝምታ ነው። በፊልሙ ውስጥ ግማሽ ደቂቃ የማይሞላ የቫዮሊን ጩኸት ከፊቱ የበር ሲጢጥታ፣ ከኋላው የተዋናይት ትንፋሽ አለው። እነዚህን አንስቶ ሠላሳና አርባ ቁርጥራጭ በተራ የደረደረ ሰው ጥሩ ሰነድ አገኘ። አጥኚ ሊፈልገው ይገባል። አድማጭ ግን አሥረኛው ቁርጥራጭ ላይ ሲደርስ መፍራቱን ያቆማል።

«እንግዲያውስ ፊልሙ ውስጥ የተሰማውን ብቻ እንያዝ» የሚሉም አሉ። ለእነዚህ የኤንዮ ሞሪኮኔን «ዘ ቲንግ» መጥቀስ ይበቃል። የ1982ቱ ሸክላ ዳይሬክተሩ ጆን ካርፔንተር በፊልሙ ያልተጠቀመበትን ሙዚቃ ይዟል፤ ከዚያ ቅሪት የተወሰነው በ2015 በታራንቲኖ «ዘ ሄትፉል ኤይት» ውስጥ ቦታ አገኘ። በእነሱ መለኪያ ብንሄድ ያን ሁሉ መጣል ነበረብን።

የአቀናባሪው ቃልም የመጨረሻ ቃል አይደለም። በርናርድ ኸርማን በ1960 ለ«ሳይኮ» በአውታር መሣሪያዎች ብቻ የጻፈውን ሙዚቃ በ1975 ራሱ እየመራ እንደገና ቀረጸው። የደራሲው እጅ ያረፈበት ሙሉ ሥራ ነው፤ ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል? ነገር ግን ፍጥነቱ ከፊልሙ ይዘገያል። የፊልሙ ዳይሬክተር ሂችኮክ የመታጠቢያ ቤቱን ትዕይንት ያለ ሙዚቃ ሊያልፈው አስቦ ነበር፤ ሐሳቡን ያስቀየረው የኸርማን ሙዚቃ ነው። የ1975ቱን ቅጂ ስሰማ የዚያ ትዕይንት ስለት አይሰማኝም። ለ«ሳይኮ» ከደራሲው ይልቅ ፊልሙን አምናለሁ፤ ለ«ኤሊየን» ደግሞ ከፊልሙ ይልቅ ደራሲውን። ሁለቱን በአንድ ደንብ መዳኘት አይቻልም።

የእትም ክርክር የሚያስነሳ የፊልም ሙዚቃ እኛም አለን፤ ሆረር ግን አይደለም። ጂም ጃርሙሽ በ2005 ባወጣው «ብሮክን ፍላወርስ» ጄፍሪ ራይት የሚጫወተው ትውልደ ኢትዮጵያዊ ጎረቤት፣ ዊንስተን፣ ለቢል መሪ ገጸ ባሕርይ ለመንገዱ ሲዲ ቀድቶ ይሰጠዋል። የሙላቱ አስታጥቄን ሙዚቃ መኪናው ውስጥ የምንሰማው ከዚያ ሲዲ ነው። ሙዚቃው በፊልሙ ታሪክ ውስጥ እንኳ የመጣው አንድ ሰው መርጦ፣ ደርድሮ፣ ለሌላ ሰው ሰጥቶት ነው። ይህን ያሰበ ዳይሬክተር በአድናቆት ይታወስ።

ይህን ፊልም የወደደ ሰው «የሙላቱን የቱን ልግዛ?» ብሎ ቢጠይቅ በሰፈራችን የሚያገኘው መልስ አንድ ነው፦ «ኤትዮፒክስ 4»። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው ይህ ሲዲ ከ1969 እስከ 1974 ያለውን ዘመን የሚሸፍኑ 14 ሥራዎች ይዟል። በፊልሙ አልበም ላይ ያሉት ሦስቱ የሙላቱ ዜማዎች፣ «የግሌ ትዝታ»፣ «የከርሞ ሰው» እና «ጉብልዬ»፣ ሁሉም አሉበት። ስለዚህ ሌላው ትርፍ ነው ይላሉ።

ትርፍ አይደለም። «ኤትዮፒክስ 4» የአዘጋጁ የፍራንሲስ ፋልሴቶ አደራደር ነው፤ ጥሩ አደራደር ነው፣ ግን የሙላቱ አይደለም። ሙላቱ በ1974 በአምኃ ሬከርድስ ያወጡት ሸክላ «የካቲት»ን በስሙ ላይ ተሸክሞ ነበር የወጣው፤ ዓመቱም በየካቲት 1966 ዓ.ም. የፈነዳው አብዮት ዘውዱን ያወረደበት ዓመት ነው። በሲዲው ላይ «የካቲት» ዘጠነኛ ቁጥር ነው፣ በ«አስመሪና» እና በ«ነጻነት» መካከል። ያኔ ሸክላውን ገዝቶ የወጣ ሰው በእጁ ይዞ የሄደውን ነገር የዛሬ አድማጭ በዘጠነኛ ቁጥር ላይ አያገኘውም። ድምፁን ያገኛል።

ሌላም አለ። «ደወል»፣ «ሙናዬ» እና «ካሳለፍኩት ሁሉ» የሚሉት ርእሶች በ1972 ኒው ዮርክ በተሠራው «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ» ላይም በ«ኤትዮፒክስ 4» ላይም አሉ። ርእሱን በስልኩ ላይ ያየ ሰው «አለኝ» ብሎ ያልፋል። ነገር ግን የ1972ቱ አልበም ሰባት ዜማዎች ብቻ ያሉት የራሱ ስሜት ያለው ሥራ ነው፤ ዜማዎቹ እዚያ እርስ በርስ ይነጋገራሉ። ስትሩት የተባለው አሳታሚ ይህንኑ አልበም በ2017 እንደገና ሲያሳትም በሦስት ሸክላ የስቴሪዮውን፣ የሞኖውንና ከቀረጻው የተረፈውን ጭምር አወጣ። የተሟላው ወዳጆች በዚህ ተደስተዋል፤ እኔም ተደስቻለሁ። ሆኖም ሰባቱን ሳያጣጥም ወደ ተራፊው የሚሮጥ ሰው ምን እየፈለገ እንደሆነ አይገባኝም።

የፊልሙን አልበምም አልጥልም። ከ12 ቁጥሮች ሦስቱ ብቻ የሙላቱ ናቸው፤ ጎረቤቶቻቸውም ማርቪን ጌይ፣ ስሊፕ የተባለው የሄቪ ሜታል ቡድንና የፎሬ ረኪየም ናቸው። ስለ ሙላቱ ብዙ አያስተምርም። ጃርሙሽ ሙላቱን ከማን ጋር አድርጎ እንደሰማቸው የሚነግረን ግን ይህ አልበም ነው፤ ፊልሙን ለሚያጠና ሰው ከ14ቱ ዜማዎች ይልቅ ሦስቱ ይጠቅሙታል።

የተቃራኒውን ወገን ስሜት አልንቅም። አምኃ እሸቴ በ1969 የጀመሩት አምኃ ሬከርድስ የመጀመሪያ ሸክላዎቹን ያሳተመው ህንድ ነበር፤ እሳቸው በ1975 አገር ጥለው ሲወጡ ያ ሥራ ተቋረጠ። ከዚያ ወዲህ ለእኛ «ሁሉም አንድ ላይ ተገኘ» ማለት «ከመጥፋት ተረፈ» ማለት ሆኖ ኖሯል። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ የካዛንቺስ ቤቶች ሲፈርሱ ያየ ሰው ያገኘውን ሁሉ ልሰብስብ ቢል አይፈረድበትም። የፋልሴቶ ትጋት ባይኖር ይህን የምንከራከርበት ነገርም አይኖረንም ነበር። ሆኖም መሰብሰብ አንድ ሥራ ነው፣ ማድመጥ ሌላ። ስህተቱን የሚፈጥረው ለመጀመሪያው የተሠራውን ለሁለተኛው መለኪያ ማድረጋችን ነው።

ሙላቱን አዲስ ለሚጀምር ሰው የምመክረው የ1974ቱን ሸክላ በራሱ ተራ ነው፤ «ኤትዮፒክስ 4» ከዚያ በኋላ ይምጣ። የድሮ አልበሞችን በዲጂታል ለምታሰራጩና ፍላሽ ለምትሞሉ ባለሱቆች ደግሞ አንድ ልመና አለኝ፦ የሸክላውን ፊትና ጀርባ አትቀላቅሉ፣ ከየትኛው እትም እንደቀዳችሁትም ከዓመቱ ጋር በፋይሉ ስም ላይ ጻፉልን።