በሰንጠረዥ መሸነፍና መማር

ሰንጠረዥ በ64 ቤቶች በተከፈለ ገበታ ላይ ሁለት ሰዎች በአሳብ የሚፋለሙበት ጥንታዊ ጨዋታ ነው። የሁለቱም ሠራዊት እኩል ነው፤ ከእይታ የተሰወረ ነገር የለም፤ እንደ ካርታ ጨዋታም ዕድል አይገባበትም። በዚህም ምክንያት የተሸነፈ ሰው ከራሱ ውሳኔ በቀር የሚያመካኝበት አያገኝም። የጨዋታው ዋና ጥቅምም ከዚሁ የሚመነጭ ነው።

አብዛኞቹ ጀማሪዎች የሚሸነፉት በችኮላ ነው። ከሁሉ የምትበረታውን ንግሥት ገና ጨዋታው ሲጀመር ብቻዋን ያዘምቷታል። ተጋጣሚው በፈረሱና በወታደሮቹ እያስፈራራ ሲያሸሻት በዚያው የራሱን ሠራዊት ያሰልፋል። ጀማሪው ንግሥቲቱን ከወዲያ ወዲህ ሲያንከራትት፣ የቀሩት ፈረሶቹና ግንቦቹ ከቦታቸው ሳይነቃነቁ ንጉሡ ይከበባል። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» የሚባለው እንዲህ ላለው ነው።

ስለሆነም የመጀመሪያው መመሪያ ከጥቃት በፊት መዘጋጀት ነው። በቀድሞው የኢትዮጵያ ሰንጠረዥ «ወረራ» የሚባል የጨዋታ ክፍል ነበር። የመጀመሪያው ምርኮ እስኪወሰድ ድረስ ሁለቱ ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ፣ አንዱ የሌላውን አሰላለፍ እየተመለከተ፣ ሠራዊታቸውን ያሰልፉ ነበር። በዛሬው ሰንጠረዥ እርምጃው በተራ ቢሆንም ትምህርቱ ያው ነው። ሠራዊቱ ከመነሻው ፈጥኖ መውጣት፣ የገበታውን መካከል መቆጣጠር፣ ንጉሡም በወታደሮች ከለላ ሥር መጠለል ይኖርበታል። የመካከሉ ጥቅም በፈረስ በግልጽ ይታያል፤ በመካከል የቆመ ፈረስ 8 ቤቶችን ሲጠብቅ በማዕዘን የቆመው ግን 2 ብቻ ይጠብቃል።

ሁለተኛው መመሪያ ከእያንዳንዱ እርምጃ በፊት «ተጋጣሚዬ ይህን ያደረገው ለምን ይሆን?» ብሎ ራስን መጠየቅ ነው። ያለ ጠባቂ የተተወ ወታደር ወጥመድ ሊሆን ይችላል። የራሱን እቅድ ብቻ የሚመለከት ሰው የሚጫወተው ግማሹን ገበታ ብቻ እያየ ነው።

ሦስተኛውና ከሁሉ የሚበልጠው ሽንፈትን መመርመር ነው። አንዳንዶች ብዙ መጫወት ብቻውን ያሻሽላል ይላሉ። አባባሉ ከፊሉ እውነት ነው፤ ይሁን እንጂ አንድን ስሕተት መቶ ጊዜ የደጋገመ ሰው ስሕተቱን ይለማመዳል እንጂ ጨዋታውን አይማርም። የሶቪየት ኅብረቱ ተጫዋች ሚኻኢል ቦትቪኒክ የዓለም ሻምፒዮንነቱን በ1957 እ.ኤ.አ. በስሚስሎቭ ተነጠቀ፤ በ1958 አስመለሰ። እንደገና በ1960 በወጣቱ ታል ተሸነፈ፤ በ1961 ግን የ49 ዓመቱ ቦትቪኒክ የ24 ዓመቱን ታልን አሸንፎ ክብሩን መለሰ። ይህ ሰው የራሱን ጨዋታዎች ያለ ርኅራኄ በመመርመር የታወቀ ነበር።

እንግዲህ ለመሻሻል የሚፈልግ ተማሪ እርምጃዎቹን በደብተር ይመዝግብ፤ ከተሸነፈም በኋላ ገበታውን እንደገና ደርድሮ የመጀመሪያው ስሕተት የተፈጸመበትን ቦታ ይፈልግ። ቢቻል ያሸነፈውን ጓደኛውን አብሮት እንዲመረምር ይጠይቀው። ይህን ለማድረግ የሚያስፈልገው ከብልህነት ይልቅ ትሕትና ነው። ስሕተቱን በገበታ ላይ ፈልጎ ማግኘትና ያለ ሰበብ መቀበል የለመደ ወጣት በሌላውም የሕይወት ጉዳይ ይህንኑ ለማድረግ አይቸገርም።