የቮልሷን ውስጥ ለቄስ አትተው!

የዛሬው ደብዳቤ የመጣው ከአንድ የ26 ዓመት ወጣት ነው። አባቱ ሲያርፉ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተሠራች ቮልስዋገን ትተዋል። መኪናዋ ግቢ ውስጥ ሸራ ለብሳ 8 ዓመት ቆማለች። «ያጠራቀምኳት ብር አለች። ቤት ውስጥ ራሴ ጠግኜ፣ ቀይ ቀለም ቀብቼ ለሠርጌ ላደርሳት ነው። ታላቅ እህቴ ግን ትሸጥ ትላለች። ምን ይሻለኛል?» ይላል።

ወንድሜ፣ ሐሳብህ ደስ ይላል። ግን ከጅራቱ ጀምረሃል። ቀለም መጨረሻ ነው!

ከመፍቻ በፊት ሊብሬውን እይ። በአባትህ ስም ከሆነ እህትህም ወራሽ ናት። የወራሽነት ማስረጃ ከፍርድ ቤት ይውጣ፣ እሷም ወዳ ትስማማ፤ ስምምነቱም በጽሑፍ ይሁን። አለዚያ ብርህን የምታፈሰው የጋራ ንብረት ላይ ነው። ነገ ጭቅጭቅ ቢነሳ መኪናዋ ብቻ ሳትሆን እህትህም ታመልጥሃለች።

ቀጥለህ የኋላ ወንበሩን አንሳ። የቮልስ ባትሪ የሚቀመጠው እዚያ ስር ነው። አሲዱና እርጥበቱ ወለሉን ይበላዋል። የበሰበሰ ላሜራ ላይ ስቱኮ ለጥፎ መቀባት ራስን ማታለል ነው፤ ተቆርጦ በአዲስ ይበየድ። ብየዳውን ለባለሙያ ተው፣ የቤንዚን ታንከሩም አስቀድሞ ይውረድ።

ፍሬኑስ? የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል፤ ሲቆይ ውስጥ ውስጡን ያዝጋል። ዘይቱም ጎሚኒውም ይለወጥ። የቤንዚን ቱቦውንም አትርሳ። አርጅቶ ከተሰነጠቀ ቤንዚኑ የሚንጠባጠበው የጋለ ሞተር ላይ ነው።

ቮልስ ደግሞ ራዲያተር የላትም፤ ሞተሯን የሚያቀዘቅዘው ንፋስ ነው። ፋኑን የሚያዞረው ቺንጊያ ከተበጠሰ ሞተሩ ይቃጠላል። እየነዳህ የባትሪው ቀይ መብራት ከበራ «ቤት ልድረስ» አትበል፣ ወዲያው ቁም!

ስሯ ስትገባ ክሪክ ብቻውን አትመን። ብሎኬትም አትደርድር፣ በድንገት ይፈረካከሳል። ጠንካራ የብረት መቆሚያ ይኑርህ። ሶማሌ ተራ ስትወርድም አሮጌውን ዕቃ በእጅህ ይዘህ ሂድ፤ የቮልስ ዕቃ እንደ ሞዴሉ ይለያያል።

ሠርጉንና መኪናዋን ግን በአንድ ገመድ አትሰር። የሠርጉ ብር ለብቻ፣ የቮልሷ ለብቻ ይቀመጥ። እጮኛህም ትወቀው። ቮልሷ ለሠርጉ ካልደረሰች የሙሽራ መኪና ይከራያል። እሷ ቀስ ብላ ለልጅህ ክርስትና ትደርሳለች!

መልካም ጋብቻ!