ወንዝ ማዶ የቀረ ጥያቄ

በቅርቡ አንድ ረፋድ በጦር ሰፈራችን የመዝናኛ ክበብ የተሰበሰብን ሁሉ ዓይናችንን በቴሌቪዥኑ ላይ ተክለን ነበር። በአራት ኪሎው ምክር ቤት ሚኒስትሮች ከሕዝብ እንደራሴዎች ለሚቀርቡላቸው ጥያቄዎች መልስ ይሰጣሉ። ስለ መንገድ ተጠየቀ፤ ስለ ማዳበሪያ ተጠየቀ፤ ስለ ትምህርት ቤት፣ ስለ መድኃኒት፣ ስለ ኑሮ ውድነት ተጠየቀ። በዚህ መካከል ልጇን የታቀፈች የአንድ አሥር አለቃ ባለቤት ትዕግሥቷ አልቆ፣ «ይህ ለእኛ ምን ይረባናል? ሰውየው ተጠየቀ፣ መለሰ፣ ተጨበጨበ፤ ዘይቱ እንደሆነ ዋጋው ያው ነው። ይልቅስ ለልጆቹ ፊልሙን ክፈቱላቸው» አለች። ሳቅ ሆነ። እኛም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከሳቂዎቹ መካከል ነበርን።

ከጎኗ የተቀመጡት እናት ግን አልሳቁም። እኒህ ሴት በካርቱም ከተማ፣ ባሕሪ በሚባለው ክፍል፣ ሰው ቤት ተቀጥረው ብዙ ዓመታት የኖሩና ጦርነቱ ሲነሣ በገላባትና በመተማ በኩል ወደ ልጃቸው ወደ ወታደሩ ዘንድ የመጡ ናቸው። «የእኔ ልጅ» አሏት ቀስ ብለው፤ «እኔ ባሕሪ ስኖር ለሰፈራችን የሚቀርበው ምክር ቤቱ አልነበረም፤ እስር ቤቱ ነበር። እዚያ አገር ሹም ሲጠየቅ የሚሰማው እዚያ ከገባ በኋላ ነው።»

ይህ ዓምድ ዘወትር ስለ ልጆች አስተዳደግና ስለ ጓዳ ጉዳይ የሚጽፍ መሆኑን አንባቢያን ያውቃሉ። የዛሬው ከዚያ የራቀ መስሎ ቢታይም፣ የእናታችን ቃል ሳምንቱን ሙሉ በሐሳባችን ሲመላለስ ስለሰነበተ ልናልፈው አልቻልንም። የሱዳኑን ዘመን በአውሮፓ አቆጣጠር፣ የአገራችንን በራሳችን አቆጣጠር እናስቀምጣለን።

ካርቱም የምንለው ከተማ በመሠረቱ ሦስት ከተማ ነው። ከጣና ተነሥቶ የሚወርደው የእኛው ዓባይ ከነጭ ዓባይ ጋር በሚገናኝበት ስፍራ ካርቱም፣ ኦምዱርማንና ባሕሪ በውኃ ተለያይተው፣ በድልድይ ተያይዘው ይገኛሉ። ቤተ መንግሥቱ ካርቱም ነው። ምክር ቤቱ ቀድሞ በካርቱም፣ ከ1970ዎቹ መገባደጃ ጀምሮ ደግሞ በኦምዱርማን ነበር። ባሕሪ የፋብሪካና የሠራተኛ ሰፈር ስትሆን፣ በእንግሊዞች ዘመን የተሠራው የኮበር እስር ቤትም የሚገኘው በእርሷ ክልል ነው። እንግዲህ ከባሕሪ ለተመለከተ ሰው ጥያቄ የሚጠየቅበት ቤት ሁልጊዜ ወንዝ ማዶ፣ ላለመመለስ የሚታሰሩበት ቤት ግን ከደጅ ነው።

ሱዳን ከነጻነቷ ዋዜማ ጀምሮ እውነተኛ ምክር ቤት ነበራት። በ1954 ሥራ የጀመረው ፓርላማ 97 እንደራሴዎችና 50 የሕግ መወሰኛ አባላት የነበሩት፣ በእንግሊዞች ሥርዓት የተቀረጸ ነበር። ይህም ሥርዓት ሚኒስትር በጥያቄ እንዲፈተን፣ አመኔታ ያጣ መንግሥትም በድምፅ እንዲወርድ የሚያደርግ ነው። እንዳልነውም ሆነ። ነጻነትን ያወጁት ጠቅላይ ሚኒስትር እስማኤል አል አዝሃሪ ነጻነቱ ከታወጀ ገና በሰባተኛው ወር፣ በሐምሌ 1956፣ በምክር ቤቱ ድምፅ ተሸንፈው ቦታውን ለአብደላ ኸሊል ለቀቁ። አንድ ጥይት አልተተኮሰም። በዚያው ቀን በባሕሪ የሚኖር ወታደር ከሰፈሩ እንዲወጣ አልታዘዘም፤ ሚስቱም ራቱን እንደ ወትሮው ሠርታ ጠብቃዋለች ብለን እንገምታለን።

ቀጥሎ የሆነው ግን የጉዳያችን እምብርት ነው። አብደላ ኸሊል ራሳቸው የቀድሞ የጦር መኮንን፣ ከጠቅላይ ሚኒስትርነታቸውም ጋር የመከላከያ ሚኒስትር ነበሩ። በ1958 መጨረሻ ጥምር መንግሥታቸው ተሰነጣጠቀ፤ ከዕረፍት የሚመለሰው ምክር ቤት ጥያቄ እንደሚያበዛባቸው፣ ምናልባትም በድምፅ እንደሚያወርዳቸው ታያቸው። ምክር ቤቱ ሊከፈት በተቀጠረበት በኅዳር 17 ቀን 1958 ማለዳ የጦሩ አዛዥ ጄኔራል ኢብራሂም አቡድ ሥልጣን ያዙ። ነገሩ ከጠቅላይ ሚኒስትሩ ጋር የተመከረበት መሆኑን የሱዳን ታሪክ ጸሐፊዎች አብዝተው ጽፈውበታል። እነሆ አንድ ሹም ከእንደራሴዎች ጥያቄ ለመሸሽ ወታደሩን ከሰፈሩ ጠራ። ወታደሩ በበኩሉ አንዴ ከተጠራ በኋላ በቀላሉ የሚመለስ ሆኖ አልተገኘም፤ ስድስት ዓመት ገዛ። በ1961 ደግሞ ይኸው መንግሥት አዝሃሪንና ኸሊልን ከሌሎች ፖለቲከኞች ጋር አንድ ላይ አስሮ ወደ ጁባ ላካቸው። አሸናፊና ተሸናፊ በአንድ እስር ተገናኙ።

በጥቅምት 1964 ሕዝቡ አመፀ፤ አቡድ ወረዱ፤ ምክር ቤቱ ተመለሰ። እኅቶቻችን የሚከተለውን በተለይ ልብ እንዲሉልን እንፈልጋለን። በ1965 ምርጫ ፋጢማ አሕመድ ኢብራሂም የተባሉት የሱዳን ሴቶች ማኅበር መሪ ለምክር ቤቱ በመመረጥ በአገራቸው የመጀመሪያዋ ሴት እንደራሴ ሆኑ። የታገሉላቸው ጉዳዮች የጓዳና የመሶብ ጉዳዮች ነበሩ። ለእኩል ሥራ እኩል ደመወዝ፤ ለወለደች ሠራተኛ ዕረፍት፤ ሴት ሠራተኛ ስታገባ ቋሚ ሥራዋን አጥታ በየወሩ በሚታደስ ውል እንድትቀጠር የሚያደርገው ደንብ እንዲሻር፤ ከባሏ ቤት የወጣች ሴት በፖሊስ ኃይል እንዳትመለስ። ከእነዚህ አንዳንዶቹ በ1960ዎቹ መገባደጃ ፍሬ አፍርተዋል። «ለእኛ ምን ይረባናል» ላለችው እኅታችን ከዚህ የተሻለ መልስ ከእኛ ዘንድ የለም።

ይሁን እንጂ ያው ምክር ቤት በ1965 መጨረሻ የፋጢማን የኮሙኒስት ፓርቲ አግዶ እንደራሴዎቹን አስወጣ። ፍርድ ቤት እገዳው ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብሎ ቢወስንም መንግሥት ውሳኔውን አልተቀበለም። የፓርቲውን ሐሳብ መውደድና መጥላት ሌላ ነገር ነው፤ እኛ እዚህ የምንመዝነው ጠያቂን ከአዳራሽ ማስወጣት ያስከተለውን ነው። ጠያቂው ወደ ሌላ በር ሄደ፤ ያም በር የጦር ሰፈሩ ነበር። በግንቦት 1969 ጃፋር ኒሜሪ በመፈንቅለ መንግሥት ሲነሡ ኮሙኒስቶቹ ደገፏቸው። አዝሃሪ ተያዙ፤ በዚያው ዓመት ነሐሴ በቁጥጥር ሥር እንዳሉ አረፉ። በሐምሌ 1971 ደግሞ በኒሜሪ ላይ የተቃጣው መፈንቅለ መንግሥት ሲከሽፍ የፓርቲው መሪ አብዱልኻሊቅ ማሕጁብ፣ በአንድ ወቅት የኦምዱርማን እንደራሴ የነበሩት፣ በኮበር ተሰቀሉ። የፋጢማ ባል፣ የሠራተኞች ማኅበር መሪው አል ሻፊዕ አሕመድ አል ሼኽም በዚያው በኮበር ተሰቀሉ። ስለ ሴቶች ደመወዝ ሚኒስትሮችን ትሞግት የነበረች እንደራሴ መበለትነቷ ከባሕሪ መጣ።

ከዚያ ወዲህ የኮበር በር ብዙ አልተዘጋም። በሰኔ 1989 ምክር ቤቱ ሲፈርስ ጠቅላይ ሚኒስትር ሳዲቅ አል ማሕዲ ወደዚያ ተወሰዱ። የሴራው መሐንዲስ ሐሰን አል ቱራቢ እንኳ እጃቸው እንዳይታወቅ ሲሉ አብረው መታሰራቸውን በኋላ ራሳቸው ተናግረዋል፤ ይህን ስናነብ ሳቅ ያመልጠናል። ሠላሳ ዓመት የገዙት ዑመር አል በሽር በሚያዝያ 2019 ሲወርዱ ያረፉት በኮበር ነው። ከመኖሪያቸው በሚሊዮን የሚቆጠር የውጭ አገር ገንዘብ ተገኝቶ ስለነበር በታኅሣሥ 2019 ፍርድ ቤት የሁለት ዓመት ቅጣት ወሰነባቸው። ገንዘቡ ከየት መጣ የሚለውን ጥያቄ በኦምዱርማን ባለ ግርማው አዳራሽ አንድ የገንዘብ ሚኒስትር ቆሞ ሊመልሰው ይገባ ነበር። የጠየቀው ዳኛ ነው፤ ያውም ከዘመናት በኋላ።

በነሐሴ 2019 የተፈረመው የሽግግር ሰነድ ከ300 የማይበልጡ አባላት ያሉት፣ ቢያንስ 40 በመቶው ሴቶች የሆኑበት የሕግ አውጪ ምክር ቤት በ90 ቀን ውስጥ እንዲቋቋም ያዝዝ ነበር። አልተቋቋመም። የገዢው ምክር ቤትና ሚኒስትሮቹ አብረው እየተቀመጡ ሕጉን ራሳቸው አወጡ፣ ሥራውን ራሳቸው ሠሩ፤ የሚጠይቃቸው አልነበረም። በጥቅምት 2021 እንደገና መፈንቅለ መንግሥት ሆነ። ቀጥሎም ፈጥኖ ደራሹ ኃይል በስንት ዓመት ውስጥ ከመደበኛው ጦር ጋር ይቀላቀል የሚል ክርክር መጣ፤ አንደኛው ወገን ሁለት ዓመት፣ ሌላኛው አሥር ዓመት አለ። ይህ አንድ የመከላከያ ሚኒስትር በእንደራሴዎች ፊት ቁጥር ይዞ የሚከራከርበት ጥያቄ ነው። የሚከራከሩበት አዳራሽ ግን አልነበረም። ጦርነቱ የተነሣው በዚህ ምክንያት ብቻ ነው አንልም፤ ይህን ማለት ነገሩን ማቃለል ይሆናል። ሆኖም ሚያዝያ 15 ቀን 2023 ክርክሩ በመድፍ ቀጠለ። ባሕሪ ባዶዋን ቀረች። በዚያ የሚገኘው የጦሩ የመገናኛ ክፍል ሰፈር ከበባው እስከ ጥር 2025 ድረስ አልተነሣለትም፤ ባሕሪን ከኦምዱርማን የሚያገናኘው የሻምባት ድልድይም በኅዳር 2023 ፈረሰ። ከምሽጉ ውስጥ ያለው ወታደር፣ ከምሽጉ ውጭ ያለችው ሚስቱ ምን እንደነበሩ ለዚህ ጋዜጣ አንባቢ ማስረዳት አያሻንም።

የጎረቤትን ጉድ ስናወሳ የራሳችንን ጓዳ መዝጋት ተገቢ አይደለም። በ1923 የወጣው ሕገ መንግሥታችን ምክር ቤቶቹ ከንጉሠ ነገሥቱ ፈቃድ ሳያገኙ ሚኒስትር እንዳይጠሩ በግልጽ ይከለክል ነበር። በ1948 የተሻሻለው ግን አንድ እርምጃ ሄደ፤ ምክር ቤት በድምፅ ብልጫ ከጠራው ሚኒስትሩ ወይም ምክትሉ ቀርቦ በቃል ወይም በጽሑፍ እንዲመልስ ግዴታ አደረገ። ነገር ግን የሚመልሰው ሊወጣ ስለታሰበው ሕግ ነው። ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ የመጀመሪያዋ ሴት ተመራጭ ሆነው የገቡበት የ1950 ምክር ቤትም የሚሠራው በዚህ ወሰን ውስጥ ነበር። እንደራሴው ስለሚመጣው ሕግ ሚኒስትሩን ማስገደድ ሲችል፣ ስለባከነው እህል ማስገደድ አይችልም።

የካቲት 1966 ሲመጣ ሳይጠየቅ የተከማቸው ሁሉ በአንድ ጊዜ ተጠየቀ። የጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ሥልጣን ለቀቀ፤ ባለ ሥልጣኖቹ ተያዙ፤ መርማሪ ኮሚሽን ተቋቋመ። አክሊሉ በእስር ላይ ሳሉ ለኮሚሽኑ የጻፉት መልስ ከብዙ ዓመታት በኋላ «የአክሊሉ ማስታወሻ» ተብሎ ታትሟል። አንድ ጠቅላይ ሚኒስትር ስለ ሥራው የሰጠው ረጅም ማብራሪያ፣ የተጻፈበት ስፍራ ግን እስር ቤት መሆኑ አንባቢን ያሳዝናል። መልሱም ሳይመረመር፣ ኮሚሽኑም ሥራውን ሳይፈጽም፣ ኅዳር 14 ቀን 1967 ሌሊት ስድሳ ያህል ሰዎች ያለ ፍርድ ተረሸኑ፤ አክሊሉና ተተኪያቸው እንዳልካቸው መኮንን ከእነርሱ መካከል ነበሩ። የእኛው ኮበር ዓለም በቃኝ ይባል ነበር። ዛሬ ፈርሶ በቦታው የአፍሪካ ኅብረት ሕንጻ ቆሟል።

በሥራ ላይ ያለው የ1987 ሕገ መንግሥት በ55ኛው አንቀጽ፣ በንዑስ ቁጥር 17፣ ምክር ቤቱ ጠቅላይ ሚኒስትሩንና ሌሎች ባለ ሥልጣናትን ጠርቶ የመጠየቅ፣ አሠራራቸውንም የመመርመር ሥልጣን እንዳለው ይናገራል። ወሰኑ ተነሥቷል፤ ስለሚመጣው ብቻ ሳይሆን ስላለፈውም ይጠየቃል። ከመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ እስከ ሰኔ 30 ባለው የሥራ ዘመኑ ይህን ማድረግ ይችላል። አሠራሩ ግን ገና ብዙ የሚቀረው ይመስለናል። እንደራሴዎቹ በተራ እየተነሡ ጥያቄያቸውን ይደረድራሉ፤ ተጠያቂው በመጨረሻ ሁሉንም በአንድነት ይመልሳል። በዚህ መካከል የትኛው ጥያቄ እንደተዘለለ ተመልካቹ ይዘነጋል፤ ጠያቂውም ተመልሶ «ይህኛው አልተመለሰልኝም» ሲል አዘውትረን አንሰማም። በ2007 ምርጫ እንዳየነው መቀመጫው ሁሉ በአንድ ወገንና በአጋሮቹ ሲያዝ ደግሞ ጥያቄው ይለሰልሳል፤ የቤተ ዘመድ ጨዋታ ይመስላል።

በዚህ ረገድ የወታደር ሚስት ከብዙ እንደራሴ ትበልጣለች ብንል ማጋነን አይሆንብንም። ደመወዝ በገባ ማግሥት አንድ ጥያቄ ትጠይቃለች፤ መልሱን ትሰማለች፤ ከዚያም «የቀረውስ?» ትላለች። ባል ስለ ዝናቡ ሊያወራ ቢሞክር ወደ ሒሳቡ ትመልሰዋለች። ይህን የጻፍነው ባል ከሆንነው የዝግጅት ክፍሉ አባላት የግል ልምድ በመነሣት መሆኑ ይታወቅልን።

የዚያን ዕለት ረፋድ የአሥር አለቃው ባለቤት ልጇን ወደ ሌላው ጉልበቷ አዛውራ፣ «እንግዲያውስ ስለ ዘይቱ የጠየቀው የቱ ነው? መልሱ አመለጠኝ» አለች። እናታችን ድምፁን ከፍ እንዲያደርጉላቸው ለመኑ። የክበቡ ኃላፊም ከእንግዲህ የምክር ቤቱ ጥያቄና መልስ በሚተላለፍበት ረፋድ ቴሌቪዥኑ እስከ ስድስት ሰዓት እንዳይነካ፣ የልጆቹም ፊልም ከምሳ በኋላ እንዲሆን የሚያዝዝ ማስታወቂያ በበሩ ላይ ለጥፈዋል። ልጆቹ ቅሬታቸውን በጽሑፍ አቅርበዋል፤ መልሱን በሚቀጥለው እትም እናወጣለን።