የቆመ ቀርከሃ ዋጋው ስንት ነው?

በክረምት አሶሳ ገበያ ብትወጡ፣ ከመሬት ብቅ ያለ ለጋ ቀርከሃ ለምግብ ሲሸጥ ታገኛላችሁ። የደረሰው ደግሞ ለቤት፣ ለአጥርና ለዕቃ መሥሪያ በሸክም ይሸጣል። የተቆረጠው ዋጋ አለው፤ ሳይቆረጥ የቆመውስ?

ቀርከሃ ዛፍ ይምሰል እንጂ ወገኑ ከሣር ነው። በአንድ ክረምት ቁመቱን ይጨርሳል፤ እስኪጠነክር ግን ሦስት ዓመት ያህል ይፈልጋል። የቆላው ቀርከሃ ለአሥርት ዓመታት ሳያብብ ይኖርና አንድ ጊዜ አብቦ፣ ዘሩን ጥሎ ይደርቃል። ያኔ ጫካው ተስፋው ከዘሩ የሚበቅለው ችግኝ ነው። ከብት ከረገጠው፣ እሳት ከላሰው ግን አለቀ። እንግዲህ ጫካው እስኪመለስ ከብቷን የምታርቅ፣ ለጋውን የማትለቅም እናት የጥበቃውን ወጪ ከራሷ ጓዳ እየከፈለች ነው። ወፍና እንስሳ የሚበሉለትን ተክል የተከለ ሰው ሶደቃ እንደሚጻፍለት እናውቃለን። ይሁንና ይህን ሁሉ ሶደቃ ለአንዲት ድሃ ብቻ መተው ተገቢ ነውን?

በወላይታ ሁምቦ ወጪው ተቆጥሯል። ከ2,700 ሄክታር በላይ የተራቆተ ተራራ ከከብትና ከምሳር ጠብቀው ላስመለሱ የገበሬ ማኅበራት፣ ደኑ ለሚይዘው ካርቦን ከዓለም ባንክ ፈንድ ገንዘብ ተከፍሏቸዋል። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 1065ም የማኅበረሰብ ደን ባለቤትነትን ያውቃል። የአሶሳ ዙሪያ ቀበሌዎችም ክፍያ ከመጠየቃቸው በፊት፣ በእኛ አስተያየት፣ አንድ ነገር ቢቆጥሩ ይበጃል፦ አንድ ቤተሰብ በአንድ ክረምት ስንት እስር ለጋ ቀርከሃ ይቀርበታል?